ከሴባስቶፖል እስከ ስታኞ ሽቦ

በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል ከ1868 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቅደላ ላይ ይገኛል። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ በገዛ ክብደቱ ያልተንጋደደበት አንዱ ምክንያት፣ የአምባው ሙቀት ከነሐስ መቅለጫ እጅግ የራቀ መሆኑ ነው። ክሪፕ፣ ማለትም ጠጣር ነገር በጭነት ሥር እያደር ቅርጹን መለወጡ፣ በተራ ብረታ ብረት ላይ የሚጎላው ሙቀቱ በኬልቪን ሲሰላ ወደ መቅለጫው ግማሽ ሲጠጋ ነው።

የብረት ብርጭቆዎች ጠባይ ግን ሌላ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ፖል ዱዌዝና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ወርቅና ሲሊኮን አቅልጠው እጅግ ፈጥነው በማቀዝቀዝ፣ አቶሞቹ የክሪስታል ሥርዓት ሳይዙ እንዲጠጥሩ አደረጉ። በናኖኢንደንቴሽን ሙከራ የአልማዝ ጫፍ በእንዲህ ያለ ብረት ላይ ተጭኖ ጭነቱ ሳይለወጥ ሲቆይ፣ ጫፉ በክፍል ሙቀት እንኳ በናኖሜትር እየተለካ መስመጡን ይቀጥላል፤ አቶሞቹ በትንንሽ ቡድን ቦታ ይለዋወጣሉና። አንዳንድ የሴሪየም ብርጭቆዎችማ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳሉ፤ በመካነ ሰላም ከፍታ ከ100 ዲግሪ በታች የሚፈላው ውሃም ይበቃቸዋል።

ሙከራው ግን ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ለሰከንዶች ወይም ለደቂቃዎች ነው፤ መሣሪያው ራሱ በሙቀት ለውጥ ሲለጠጥና ሲኮማተር ልኬቱን ያዛባል። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ዓመታት መናገር ድፍረት ነው ባይ ነኝ። ረጅም ጊዜ የሚጠይቀውን ሙከራ ደግሞ የመሣሪያ ውድነት አያግደውም። በመካነ ሰላም ያለ ተማሪ «ማሽኑ የለንም» ብሎ እጁን ሲያጣጥፍ የማልስማማው ስለዚህ ነው። የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ የሆነው ስታኞ በ183 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፤ ስለዚህ የክፍሉ ሙቀት በኬልቪን የመቅለጫውን 60 በመቶ ያልፋል። የአቶሞቹ መንገድ ከብርጭቆው ቢለይም ክሪፑ በዓይን ይታያል። ከሬዲዮ ጠጋኝ አንድ ክንድ ሽቦ ገዝቶ፣ ክብደት አንጠልጥሎ፣ የማለዳና የቀትር ሙቀቱን እየመዘገበ ርዝመቱን አንድ ሴሚስተር ይለካ። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን የመለጠጡ ፍጥነትስ እጥፍ ብቻ ይሆናልን?