የተምቤኗን መሳያ ድንጋይ ለምን መፈተን አለብን?

ለዘንድሮው የባህል ምሽት ከተዋስናቸው ዕቃዎች አንዷ መዳፍ የምታህል ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ናት። ያዋሱን ጋሼ ከተምቤን ይዘዋት እንደወጡና አባታቸው ምላጭ ይስሉባት እንደነበር ነግረውናል። ከኮሚቴው አንዳንዶቹ «ከዘመናዊ መሳያ ሁሉ የምትበልጥ» የሚል ጽሑፍ ሊለጥፉባት ይፈልጋሉ። ከመለጠፋችን በፊት እንፈትናት ብል «ቅርስ ላቦራቶሪ አይገባም» ተባልኩ። ጋሼ ራሳቸው ግን ፈቅደዋል። ስለዚህ ክርክሩ በእኛ በተማሪዎቹ መካከል ነው።

ድንጋዩ ስሌት ይባላል (ከሒሳቡ ስሌት ጋር አታምታቱት)። የድሮ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ሰሌዳ የሚሠራው ከዚሁ ነበር። ደቃቅ ጭቃ ተቀብሮ ሲጠጥር ሼል ይሆናል። ተራራ ሲፈጠር በሙቀትና በግፊት ሲታመቅ ደግሞ ስሌት ይወጣዋል። ልዩነቱን ለማየት ከቶሮንቶ መራቅ አያስፈልግም። በሀምበር ወንዝ ዳርና በዶን ሸለቆ አሮጌው የጡብ ፋብሪካ አካባቢ የሚታየው ግራጫ ድርብርብ ድንጋይ ሼል ነው፤ ዕድሜው ወደ 450 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ለጡብ ጥሩ ነው፤ ለምላጭ ግን አይሆንም፤ ውኃና አየር ሲፈራረቁበት ይፈረካከሳል። የሰሜን ኢትዮጵያ ጂኦሎጂስቶች «የተምቤን ስብስብ» በሚሉት ውስጥ ግን እውነተኛ ስሌት አለ፤ ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ። ስለዚህ የጋሼ ታሪክ ከጂኦሎጂው ጋር አይጣላም። ይህ ማለት ግን ድንጋዩ ሁሉ ምላጭ ያወጣል ማለት አይደለም።

ስሌት የሚስለው በውስጡ ባሉት ደቃቅ የኳርትዝ ቅንጣቶች ነው። ቀስ ብሎ ስለሚበላ የዶለዶመ ምላጭ አያድንም፤ ሥራው ማለስለስ፣ መጨረስ ነው። በፋብሪካ መሳያ ላይ 1000 ወይም 8000 የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ የቅንጣቱ መጠን ስለሚታወቅ ቁጥሩ ትርጉም አለው። በተፈጥሮ ድንጋይ ላይ «12000 ነው» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ግን ገንዘባችሁን ኪስ ውስጥ አቆዩት። የአንድ ድንጋይ ሁለት ፊት እንኳ አንድ ላይሆን ይችላል። አንዲት የፒራይት ቅንጣት፣ ያቺ እንደ ወርቅ የምታብለጨልጨው፣ ስለቱን ትሸርፈዋለች።

እኔ የምሠራበት ፈተና ቀላል ነው። ድንጋዩ በውኃ ውስጥ ያድራል። ጠርዙ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ይደረግበታል፤ ከፈላ ካልሳይት አለበት ማለት ነው። ከዚያ ፊቱ በመስታወት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ ሁልጊዜ በእርጥቡ፣ ምክንያቱም የኳርትዝ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። እጀታው ላይ የሚታጠፈውን ምላጭ በ1000 ከዚያም በ8000 እስላለሁ። ቀጥሎ የስለቱ ግማሽ በቴፕ ይሸፈንና ሌላው ግማሽ ብቻ በሚፈተነው ድንጋይ ላይ፣ በውኃ፣ ሳይጫኑት፣ መቶ ጊዜ ያህል ይመላለሳል። የትኛው ግማሽ እንደተሸፈነ የሚያውቀው ጓደኛዬ ነው፤ የምላጨው እኔ አላውቅም። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ከሁሉም ትበልጣለች። የከፈልንበትን ወይም የምንወደውን ድንጋይ ፊታችን ላይ ለስላሳ ነው ማለት በጣም ይቀናናል።

እስካሁን ሁለት ፈትኛለሁ። ከዌልስ የመጣው ስሌት ከ8000 ትንሽ የለሰለሰ ስለት ሰጠ። ከአሮጌ ቤት ጣሪያ የወረደው የቶሮንቶ ስሌት ግን በአጉሊ መነጽር የሚታይ ጭረት ጥሎ አገጬን አቃጠለው። ሁለቱም በዓይን ሲታዩ ጥቁር፣ ልስልስና ቆንጆ ናቸው። (ምላጩ የእኔ ብቻ ነው፤ በጋራ ስለታም ነገር አትጠቀሙ እየተባለ ያደገ ትውልድ ልጆች ነን።)

አሁን ወደ «ቅርስ አይፈተንም» እንመለስ። የጋሼ አባት ድንጋይዋን የመረጧት ፈትነው አይደለም እንዴ? አንዱን ወስደው፣ ሌላውን ጥለው፣ በገዛ ራሳቸው ፀጉር ሞክረው ነው። በአገራችን ብረትና ድንጋይ የሚያውቀውን ሰው ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ እያልን ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስኪያወጡ ደርሷል። በኮንሶ ዛሬም በዘመናችን ድንጋይ ጠርበው ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች እንዳሉ የጻፈችው ካትሪን ዊድማን አርተር የተባለች አንትሮፖሎጂስት ናት፤ ሥራቸውን የተረዳችው አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ ድንጋይ ሲመርጡ፣ ሲጠርቡና ሲጥሉ እያየች ነው። እኛ ደግሞ ሙያውን ሳንጠይቅ ዕቃውን ብቻ መስታወት ውስጥ አስገብተን «ትበልጣለች» እንላለን። ይህ ለእኔ ስድቡን በሙገሳ መቀየር ነው፤ ባለሙያው በሁለቱም የለበትም።

ድንጋይዋ ካለፈች ከየትኛው መሳያ ጋር እንደተወዳደረችና በምን እንደበለጠች እንጽፋለን። ከወደቀችም «የጋሼ አባት ይስሉባት የነበረች፣ ከተምቤን» ማለት ብቻውን በቂ ነው፤ ለምሽቱም አያንስም። ፈተናው አንዱን ፊት ብቻ ይነካል፤ ያረጀው፣ የአባታቸው ምላጭ መሃሉን ያጎደጎደው ፊት እንዳለ ይቆያል።

ቤታችሁ ከአገር የመጣ መሳያ ያላችሁ፣ በተለይ ከአገር ቤት ሲስል ያያችሁት ሰው ካለ፣ እባካችሁ ጻፉልን። በውኃ ነበር ወይስ በዘይት? በየትኛው ፊት? ስንት ጊዜ? እነዚህን ከሰው አፍ ካልሰማናቸው ድንጋዩ አይነግረንም።