ሦስቱ ግቢዎች ይነጋገሩ

ሰው የሚጥል በሽታ ተነስቶበት መንገድ ላይ ሲወድቅ አንዱ ራሱን ይደግፋል፣ ሌላው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያስጠጋለታል። መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይቆማል፤ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። ክብሪቱ ግን ምንም አልሠራም፤ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ተነስቶ ራሱ የሚበርድ ነው። ለምን ይበርዳል? ሐኪም ብቻውን የማይወጣው ጥያቄ ይህ ነው።

አንጎላችን 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ሕመሙ ሲነሳ እልፍ አእላፋቸው በአንድ ምት ይያዛሉ። በሽታው ሁልጊዜ አይጥልም፤ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ የሚቀረውንና መምህሩ «ልብህ የት ነው?» ብሎ የሚቆጣውን ልጅ አስቡት። አንዳንዱ እንዲህ ያለ ልጅ ራሱ ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካው የኢኢጂ ሽቦዎች ሲለጠፉለት በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል የሚመላለስ፣ ሹልና ሞገድ የተፈራረቁበት መስመር ይወጣል። አንዱን ሕዋስ ነጥለን ብንመረምር ይህን ምት አናገኘውም፤ የሚፈጠረው ከግንኙነታቸው ነው። ውስብስብ ሥርዓት የሚባለውም ይኸው ነው፤ የሚጠናውም በሒሳብ ቀመር ነው።

«መድኃኒት ላላገኘ ሰው ቀመር ምን ይሠራለታል?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ መድኃኒቱ ይቅደም። በአግባቡ ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ሕመሙ ሳይነሳባቸው መኖር እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። የቀሩትስ? ለእነሱ ሐኪሙ የሌላ ሙያ ሰው እገዛ ያስፈልገዋል።

ሳይንቲስቶቹ ሆጅኪንና ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1952 የነርቭን የኤሌክትሪክ ምልክት በሒሳብ ቀመር የጻፉት ከባሕር እንስሳ ነርቭ ላይ ለክተው ነው። የፊዚክስ ሰው የነበረው ሆፕፊልድ በ1982 ባቀረበው የትውስታ ሞዴል ከ42 ዓመት በኋላ የፊዚክስ ኖቤል ተጋርቷል። የሙያ ድንበር ጠባቂዎች አልነበሩም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ፣ ሒሳቡና ፊዚክሱ አራት ኪሎ፣ ምህንድስናው አምስት ኪሎ ነው። መንገዱ ሩቅ አይደለም። «ድር ቢያብር» የሚለውን ለስብሰባ መክፈቻ ስንጠቅሰው ኖረናል፤ አሁን እናብር።

የነርቭ ሐኪሞች፣ የታካሚውን ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ስሙን ሰርዛችሁ የኢኢጂ ንባቡን ለተመራማሪ ክፈቱ። የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን፣ የመመረቂያ ርዕስ የሚፈልገውን ተማሪ ወደ ሆስፒታሉ ላኩት፤ ከቀመሩ በፊት ታማሚውን ይይ። መሐንዲሶች፣ ማሽኑን ከመጠገን አልፋችሁ ምልክቱን ከሐኪሙ ጋር አንብቡ። በአሜሪካና በአውሮፓ ላብራቶሪዎች ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ኑ አንልም፤ እያንዳንዳችሁ አንድ ተማሪ በርቀት አማክሩ።

ተማሪዎች፣ አዲስ ዲፓርትመንት እስኪከፈት አትጠብቁ። ከሦስቱም ግቢ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ ክፍል ለምኑ፣ አንድ ሐኪም ጋብዙ፣ በዚሁ ሴሚስተር ጀምሩ።