የሥራው ሒሳብ በሠራተኛው እጅ ይግባ

ስለ ሙያ ማሠልጠኛዎቻችን በተነገረ ቁጥር የመሣሪያ እጥረት፣ የወርክሾፕ ጥበትና የበጀት ማነስ ይወሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ የሠልጣኙን ዕድል ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚወስን አንድ ጉዳይ በቸልታ ሲታለፍ ኖሯል። ይኸውም ለቶርኖ ሠራተኛው፣ ለበያጁ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ለግንበኛውና ለመካኒኩ ሒሳብ ምን ያህልና እንዴት ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ለመምህራን ብቻ ትተን ማለፍ አንችልም። በሠፈራችን የሚቆመው ዓምድ፣ በግቢያችን የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር፣ በፋብሪካችን የሚጠገነው ዘንግ የሚጸናውም የሚበላሸውም በሙያተኛው ስሌት እንደመሆኑ መጠን፣ ጉዳዩ የሠራተኛውና የነዋሪው ጉዳይ ነው።

ከቶርኖው እንነሣ። ትልቁ ጫፉ 50፣ ትንሹ ጫፉ 40፣ ርዝመቱ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ሾጣጣ ብረት እንዲያወጣ የታዘዘ ሠልጣኝ ቢላ መያዣውን በስንት ዲግሪ ያዘንብል? የሁለቱን ዲያሜትሮች ልዩነት ለርዝመቱ እጥፍ ያካፍላል፤ 10 ለ200 ሲካፈል 0.05 ይሆናል፤ ታንጀንቱ 0.05 የሆነው ማዕዘን ደግሞ ወደ 2 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ገደማ ነው። ሠልጣኙ ታንጀንትን በሒሳብ ክፍል በጥቁር ሰሌዳ ላይ አይቶታል። በቶርኖው ፊት ሲገናኙ ግን አይተዋወቁም። ርዝመቱ በእጥፍ የሚወሰደው ማዕዘኑ የሚለካው ከመካከለኛው መስመር ስለሆነ መሆኑን የተረዳ ሠልጣኝ፣ ነገ ሌላ ልክ ቢመጣበት አይደናገጥም። «ሁለት ዲግሪ ከሃምሳ ሁለት አድርገው» ተብሎ የታዘዘው ግን ልኩ በተለወጠ ቁጥር አለቃውን ፍለጋ ይሄዳል።

የቢላው ፍጥነትም እንዲሁ ነው። በደቂቃ 25 ሜትር ፍጥነት የሚቆረጥ 50 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ብረት በደቂቃ 160 ያህል ዙር ይፈልጋል፤ ዲያሜትሩ 100 ሲሆን ዙሩ ወደ 80 መውረድ አለበት። ይህን ያላሰላ ሠራተኛ ቢላውን ያቃጥላል፤ የተቃጠለውም ቢላ በስንፍናው ተቆጥሮ ከደመወዙ ሊቀነስበት ይችላል።

አሁን ወደ ሠፈር እንምጣ። 3 ሺህ 300 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 15 አምፔር ይስባል። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሁለት ጎረቤታሞች ሁለት እንዲህ ያሉ ምጣዶችን በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ ቢሰኩ 30 አምፔር ይሆናል። «ኤሌክትሪኩ እጥፍ ሆነ፤ ሙቀቱም እጥፍ ይሆናል» ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ ወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ የሚሄደው ሙያተኛ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ስኩዌር የሚባለው ነገር ከፈተና ወረቀት ውጭ ሕይወት እንዳለው ያሳየው ስላልነበረ ነው። ቤት የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው።

አርማታም የራሱ ሒሳብ አለው። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውኃ ሲገባ የውኃውና የሲሚንቶው ንጽጽር 0.5 ይሆናል። ሲቦካ ግን ይጠጥራል፤ የሚያገላብጠው ሰው ይደክማል፤ ስለዚህ አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይደረብበታል። ንጽጽሩ ወደ 0.7 ሲወጣ አርማታው ለአካፋ ይላላል፤ ትርፉ ውኃ ደርቆ ሲወጣ ግን ቀዳዳ ጥሎ ይሄዳልና የዓምዱ ጥንካሬ በእጅጉ ይቀንሳል። ይህን ማወቅ ማካፈልን ብቻ ይጠይቃል። ነገር ግን ለምን እንደሚካፈል የነገረው ሰው ያስፈልገዋል።

እንግዲህ በዚህ መስክ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የተሰናዳውን ሒሳብ ቆርጦ በሙያ ሠልጣኙ ላይ የሚጭነው ነው። ከሥራው ያልተያያዘ ቀመር በቃል ይጠናል፤ ከፈተና በኋላ ይረሳል። ሁለተኛው ደግሞ «ለእጅ ሠራተኛ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ይበቃዋል፤ የቀረውን ሠንጠረዡ ይነግረዋል» የሚለው ነው። በእኛ እምነት የከፋው ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ሠልጣኙን ያሰለቻል። ሁለተኛው ግን ሠልጣኙ ዕድሜ ልኩን ሌላው ያሰላለትን ብቻ እንዲፈጽም ይፈርድበታል። ሥራው በእጁ፣ ስሌቱ በሌላ ሰው እጅ የሆነበት ሠራተኛ ስለ ዋጋውም ሆነ ስለ ደኅንነቱ ለመከራከር አቅም ያጣል።

ክርክሩ በእኛ አልተጀመረም። አስቀድሞ በቶኪዮ፣ ኋላም በለንደን የፊንስበሪ ቴክኒክ ኮሌጅ ያስተማረው መሐንዲሱ ጆን ፔሪ በ1899 እ.ኤ.አ. ለሠራተኞች ስለ ተግባራዊ ሒሳብ ተከታታይ ትምህርት ሰጥቷል። በ1901 እ.ኤ.አ. ደግሞ በግላስጎው በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ላይ፣ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው የዩክሊድን ማረጋገጫ በቃል እንዲወጡ ማድረግ ትክክል እንዳልሆነ ተከራክሯል። ይለኩ፣ ይመዝኑ፣ በካሬ ወረቀት ላይ መስመር ይሳሉ፤ ጥብቁ ማረጋገጫ በኋላ ይደርሳል የሚል ነበር አቋሙ። ፔሪ ሒሳቡን አላቀለለም፤ መግቢያውን በር ነው የለወጠው።

በአገራችን ከጣሊያን ወረራ ማግሥት፣ በ1930ዎቹ ዓመታት፣ የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም ደግሞ በሶቪዬት ኅብረት ትብብር የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙ ሙያተኞች ከእነዚህ ወጥተዋል። ኋላ ግን ከ10ኛ ክፍል ፈተና በታች የቀሩት ለዓመታት ወደ 10+1፣ 10+2 እና 10+3 ሥልጠናዎች ሲመደቡ፣ የሙያ ትምህርት የወደቁ ተማሪዎች ማረፊያ ተደርጎ ታየ። ያ አመዳደብ ቢለወጥም ንቀቱ አብሮ አልተለወጠም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጆችን የሚሰድበውን በአዋጅ እስከ መገሠጽ የደረሱበት አሮጌ በሽታ ቅጠሉን ቀይሮ በቀለ እንጂ አልጠፋም። ሠልጣኙ ራሱ «ሒሳብ አይገባኝም፤ ቢገባኝማ እዚህ አልመጣም ነበር» ሲል ሰምተናል። እንዲህ የሚለው ልጅ ግን ሦስት፣ አራትና አምስት ክንድ ገመድ ወጥሮ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚያወጣ የግንበኛ ልጅ ሊሆን ይችላል። አባቱ ያለ ስሙ የሚሠራበትን ሒሳብ ትምህርት ቤቱ በስሙ ጠርቶ አላስተዋወቀውም።

የቋንቋም ችግር አለ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ፣ ወርክሾፑ ደግሞ ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖና ኪያቤ እያለ በጣሊያንኛ ቅሪት ይናገራል። ሠልጣኙ በሦስቱ መካከል ሲመላለስ አንዱ ቁጥር ሦስት ነገር ይመስለዋል። አንድ ገጽ የማይሞላ የቃላት ዝርዝር በየወርክሾፑ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይህን ያህል የሚከብድ አይመስለንም።

ምን ይደረግ? የሒሳብ መምህሩ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከክፍሉ ወጥቶ በወርክሾፑ ያስተምር። የወርክሾፑ አሠልጣኝም ስሌቱን ከአፉ እየነገረ አያሳልፍ፤ ሠልጣኙ ራሱ እንዲደርስበት ይታገሥ። የሙያ ብቃት ምዘናው የወጣውን ዕቃ ብቻ አይቶ እንዳያልፍ፤ ልኩ እንዴት እንደተገኘም ይጠይቅ። በእነዚህ ሁሉ ላይ መምህራን ብቻቸውን አይችሉም። በሠራተኛ ማኅበራት ውስጥ ለብዙ ዓመታት በቶርኖና በፍሬዛ ላይ የቆዩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ሙያተኞች አሉ፤ በየሠፈሩም የእድርና የአካባቢ ማኅበራት የስብሰባ አዳራሾች ከሥራ ሰዓት በኋላ ባዶ ይውላሉ። በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በዛፍ ጥላ ሥር ጭምር ፊደል ማስቆጠር ከተቻለ፣ በአዳራሽ ጣሪያ ሥር በምሽት ታንጀንትና ስኩዌር ማሳየት አይሳነንም።

አንድ ቀላል ነገርም በሚቀጥለው የሥልጠና ዙር ሊጀመር ይችላል። ለሠልጣኙ በሚሰጠው በእያንዳንዱ የሥራ ትዕዛዝ ወረቀት ላይ፣ ከሥዕሉ በታች፣ ስሌቱን በእጁ የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ይተውለት፤ ያ ቦታ ሳይሞላም መኪናው አይነሣ።