ጧፍ መለኮስ ሽሽት ነው?

የዛሬው ወሬያችን ስለ ጧፍ ነው። አዎ፣ ስለዚያች ሰም የለበሰች ቀጭን የጥጥ ክር።

«ሰው እየሞተ ጧፍ ማብራት ምን ይረባል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነቱን ለመናገር እኛም ብለነው እናውቃለን። ጋዜጠኝነት ስንማር ያስተማሩን መረጃ ማጣራት እንጂ ምህላ አልነበረም።

ከዚያ የ2015 ሐምሌ መጨረሻ መጣ። በአማራ ክልል ውጊያው ተባባሰ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተዘጋ። መካነ ሰላም ዘመድ ያለን ሰዎች አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ስልክ ስንሞክር ዋልን፣ አመሸን። የከተማዋ ስም «የሰላም ቦታ» ማለት ነው። እኛ ግን «ሰላም ናችሁ ወይ?» ብለን መጠየቅ እንኳ አቃተን። መስመር የተገኘ ዕለት ከወዲያ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ ደህና ነን፣ ጸልዩልን።

እሺ፣ ምን ብለን እንጸልይ? አያቶቻችን ረጅም ንግግር አያውቁም። ጧፋቸውን ይለኩሳሉ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ 41 ጊዜ «እግዚኦ» ይላሉ፣ አለቀ። ልብ በሉ፣ ጸሎቱ «ማረን» ነው እንጂ «ማረኝ» አይደለም። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው! «እኛ» ስንል እነማንን ነው? ዱዓ የሚያደርጉትን የወሎ ጎረቤቶቻችንን አዎ፣ ደስ እያለን። በወዲያኛው ወገን መሣሪያ የያዘውን ልጅና ደጅ ደጁን የምታይ እናቱንስ? ይህን ሳይመልሱ ጧፍ ማብራት ነው ሽሽት የሚሆነው።

የ2012ን ፋሲካ ታስታውሳላችሁ? ሚያዝያ 11 ነበር። በኮሮና ምክንያት አብዛኛው ምእመን ቤቱ ቀርቶ፣ ጧፉን ሳሎኑ ውስጥ አበራ። ጧፉ በሽታውን አላጠፋም። ግን ለየብቻ የተዘጋብንን ሰዎች በአንድ ሌሊት አንድ ጉባኤ አደረገን። ተስፋ የምንለው ይህንን ነው።

ጸሎት የጥያቄ ማፈኛ ሲሆን አንወድም። «ጸልዩ» ማለት «ዝም በሉ» ማለት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ጧፍ የምትለኩሱ፣ ለኩሱ። ከዚያ ስልካችሁን አንሱና ከራቃችሁት ዘመድ ዘንድ ደውሉ። ካልሠራ ነገም ሞክሩ።

ቸር ያሰማን!