መድኃኒቱን የሚውጠው ሰው ይጠየቅ

በየሐኪም ቤቱ ዘወትር የምናየው አንድ ልማድ አለ። የአእምሮ እድገት ውሱንነት ያለበት ሰው ከእናቱ ወይም ከወንድሙ ጋራ ሲመጣ፥ ስለ ሕመሙ የሚጠየቀው አስታማሚው ነው፤ የመድኃኒቱም አወሳሰድ የሚነገረው ለአስታማሚው ነው። ኪኒኑን የሚውጠው ሰው ግን እንደ ዕቃ ተቀምጦ ይመለሳል። ይህ ልማድ መቅረት ይገባዋል ብለን እናምናለን።

«አይገባውም» የሚለው ምክንያት ብዙ ጊዜ ተፈትኖ የተገኘ አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው የመድኃኒቱን ስም ባያውቅ እንኳ በመልኩ ይለየዋል፤ «ጧት የምውጠው ነጩ» ይላል። ፋብሪካው ተለውጦ ነጩ ቢጫ ሆኖ ሲመጣ አልውጥም ቢል፥ እልከኛ ይባላል እንጂ መጠንቀቁን የሚያስተውልለት ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሰው ላለማስቀየም ሲል ለሁሉም ነገር «እሺ» የሚል አለ። ስለዚህ «ገባህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ «እስቲ ቤት ስትደርስ እንዴት እንደምትውጠው አሳየን» ማለት ይሻላል።

ነገሩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ይበዛሉ፤ ለዚህም በሽታ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው። ጥቂት ወራት ሳይጥለው ቢቆይ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን በድንገት ያቋረጠ ሰው፥ በሽታው በብርቱ ተመልሶበት፥ ያለ ፋታ እየደጋገመ ጥሎት ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ይህን አስታማሚው ብቻ ቢያውቀው፥ እሱ ለቅሶ በሄደበት ቀን ማን ያስታውሳል? ይኸው መድኃኒት እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛልና፥ መምህራንም በክፍል ውስጥ የሚያንጎላጀውን ልጅ ሰነፍ ከማለታቸው በፊት ምን እንደሚወስድ ይጠይቁ።

አንዳንድ ቤተ ሰቦች ኪኒኑን ፈጭተው በወጥ ውስጥ ይደብቁታል። ጨንቋቸው ነውና አንፈርድባቸውም፤ ዳሩ ግን በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲሟሟ ሆኖ የተሠራ ኪኒን ሲፈጭ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ተንኰሉንም የደረሰበት ሰው ከዚያ ወዲያ ምግቡን አያምንም።

ሳይጠይቁ የሚውጡ ሰዎች የማያስፈልጋቸውንም ይውጣሉ። በእንግሊዝ አገር በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የመንግሥት ጥናት እንደ ገመተው፥ ከ30,000 እስከ 35,000 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ አዋቂዎች በቂ የሕክምና ምክንያት ሳይኖር የአእምሮ ሕመም ወይም የድባቴ መድኃኒት ይታዘዝላቸው ነበር። በማግሥቱ ዓመት ይህን ለመቀነስ ዘመቻ ተጀመረ። «ይህ ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅን ለታካሚው ማስተማር ከዘመቻ በፊት ሊቀድም የሚችል ሥራ ነው፤ እሱንም መምህራን ከማንም ይልቅ ያውቁበታል። የመድኃኒት ቤት ሠራተኞች ደግሞ የኪኒኑ መልክ በተለወጠ ቀን፥ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርገው፥ ለራሱ ለበሽተኛው ያሳዩት።