በሰማይ መንገድ

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላሉ አበው። አውሮፕላን ሳያዩ የተናገሩት ቃል ዛሬ የቪዛ ደንብ ሆኗል።

እኔ ኮምቦልቻ የምሠራ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ልጁን ውጭ አገር ለማስተማር የሒሳብ መግለጫ የሚጠይቅ ወላጅ ከመስኮቴ አይታጣም። ልጁ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ቢመረቅም ቀድሞ የሚነበበው የአባቱ ቀሪ ሒሳብ ነው። ጀርመን ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአንድ ዓመት ኑሮ 11,904 ዩሮ በታገደ ሒሳብ እንዲቀመጥ ትጠይቃለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ልጁ አልሰነፈም፤ የአባቱ ጥሪት ግን በተቀመጠበት ቀለጠ።

«ተማሪው በሰው አገር እንዳይራብ ነው» የሚሉ አሉ። የተራበ ተማሪ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ይችላል፤ በር የተዘጋበት ግን ጭራሽ አይጀምረውም። ደንቡ ያስተማረን ነገር ቢኖር ተበድሮ ማስገባትን፣ መግለጫ መቀበልን፣ በማግስቱ ማውጣትን ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በልጅነታቸው ከምጽዋ በመርከብ ተጉዘው በርሊን ሕክምና ሲማሩ የአባታቸውን ቀሪ ሒሳብ የጠየቀ አልነበረም። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ግን እስከ ዛሬ ያከራክረናል።

ስለዚህ አስተናጋጅ አገሮች አስቀድመው የልጁን ውጤት ይመልከቱ። የደሴና የኮምቦልቻ ባለጸጎችም ለሠርግ ድንኳን ከሚያፈሱት ገንዘብ ለአንድ ተማሪ ዋስትና ያስይዙ። ማኅተም መምታት እንጀራዬ ነው፤ አእምሮ በቀሪ ሒሳብ መመዘኑን ግን ኅሊናዬ አያጸድቀውም።