ለልጅ ትምህርት የሚሰጥ ስጦታና የነጋዴው መዝገብ

በአሜሪካ አገር ሱቅ ከፍተው፥ ዕቃ አስመጥተው፥ ቡና ቸርችረው የሚኖሩ ወገኖቻችን ከትርፋቸው ከፍለው ለልጆቻቸውና ለዘመዶቻቸው ልጆች የትምህርት ገንዘብ ማስቀመጣቸው እጅግ የሚያስመሰግን ተግባር ነው። ነገር ግን ስለ ስጦታ ግብር የሚነገረው ወሬ አንዱን ከሚገባው በላይ ሲያስፈራው፥ ሌላውን ከሚገባው በላይ ያደፋፍረዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋልና፥ የሕጉን ይዘት ለነጋዴ በሚስማማ መንገድ ማብራራት ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ይህ የቁጠባ ሒሳብ በ1996 ዓ.ም. የተደነገገ ሲሆን፥ የሚጠራውም በግብር ሕጉ አንቀጽ 529 ቁጥር ነው። ወላጅ ወይም ዘመድ የገቢ ግብር የተከፈለበትን ገንዘብ ያስገባል፤ ገንዘቡ በሥራ ላይ ውሎ ያፈራው ትርፍ ለተፈቀደ የትምህርት ወጪ ሲውል የፌዴራል ገቢ ግብር አይጠየቅበትም። ሒሳቡን የከፈተው ሰው ገንዘቡን የማዘዝ ሥልጣን በእጁ ቢቀርም፥ ሌላ ሰው ለልጁ ያስገባው ገንዘብም ሆነ እርሱ ራሱ ያስገባው በሕጉ ፊት ለልጁ እንደ ተሰጠ ይቈጠራል። የስጦታ ግብር ጉዳይ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው።

ፈሪዎቹ ግብሩ በልጁ ላይ የሚወድቅ፥ ወይም ወሰን ያለፈ ሁሉ ወዲያውኑ የሚከፍል ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። በ2025 ዓ.ም.ም ሆነ በ2026 ዓ.ም. አንድ ሰው ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 19,000 ዶላር ድረስ ያለ ግብርና ያለ ማስታወቂያ መስጠት ይችላል። ባልና ሚስት ከየራሳቸው ገንዘብ ቢሰጡ 38,000 ዶላር ይሆናል። ከዚህ የበለጠ የሰጠ ሰው በሚቀጥለው ዓመት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ፥ ማለት እስከ ኤፕሪል 15 ቀን፥ ቅጽ 709 የተባለውን ሞልቶ ማስታወቅ አለበት። ትርፉም ለዕድሜ ልክ ከተፈቀደለት ነጻ መጠን ላይ ይቀነሳል እንጂ፥ ያ መጠን እስኪያልቅ ድረስ የሚከፈል ግብር የለም። ይኸው መጠን ለአገሩ ዜጎችና ነዋሪዎች በ2026 ዓ.ም. 15 ሚሊዮን ዶላር ነውና፥ ባለሱቅ የሆነ ሰው ሊደርስበት አይችልም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚያስጠይቀው እንግዲህ ከግብሩ ይልቅ አለማስታወቁ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ አጎት ለእኅቱ ልጅ በጥር ወር 15,000 ዶላር በትምህርት ሒሳቧ ቢያስገባና፥ ሁለተኛ ደረጃ ስትጨርስ ደግሞ 6,000 ዶላር በእጇ ቢሰጣት፥ ሁለቱ ተደምረው 21,000 ስለሚሆኑ ወሰኑን በ2,000 ያልፋሉ፤ ቅጹንም መሙላት ግዴታው ነው። ያንኑ 6,000 ዶላር ግን ለትምህርት ክፍያ ብሎ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ከፍሎ ቢሆን ኖሮ፥ ከስጦታ ቍጥር ውስጥ ጨርሶ ባልገባም ነበር። በቀጥታ ለሚከፈል የትምህርት ክፍያ ወሰን የለውምና። ሆኖም ይህ ነጻነት ለመጽሐፍ፥ ለምግብና ለመኝታ ወጪ አይሆንም፤ በቁጠባ ሒሳቡ በኩል ለሚገባ ገንዘብም አያገለግልም።

ደፋሮቹን የሚያሳስታቸው ሌላው ፈቃድ ነው። ሕጉ የአምስት ዓመቱን ወሰን በአንድ ጊዜ ለማስገባት፥ ማለት በአንድ ሰው 95,000 ዶላር ለመስጠት ይፈቅዳል፤ ስጦታው ለአምስት ዓመት እንዲከፋፈል ሰጪው በቅጽ 709 መምረጡን ሲያስታውቅ ነው። በእነዚያ ዓመታት ለዚያው ልጅ የሚጨመር ስጦታ እንደ ትርፍ ይቈጠራል። ሰጪው በመካከሉ ቢሞት፥ ከሞተበት ዓመት በኋላ ላሉት ዓመታት የተደለደለው ድርሻ ወደ ውርስ ሀብቱ ተመልሶ ይታሰባል።

ገንዘቡ ቶሎ ከገባ ብዙ ዘመን ያፈራል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምክር የሚስማማው ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ገንዘብ ላለው ሰው ነው። የነጋዴ ገንዘብ በመደርደሪያው ላይ፥ በመጋዘኑ ውስጥና በባሕር ላይ ነው ያለው። ዛሬ 95,000 ዶላር ከሱቁ ያወጣ ሰው ነገ ዕቃው ወደብ ሲደርስ ቀረጥና ማጓጓዣ መክፈያ ቢያጣ፥ ወይ በወለድ ይበደራል፥ ወይ የልጁን ሒሳብ ይነካል። ለትምህርት ካልሆነ ነገር የወጣ ገንዘብ ደግሞ ባፈራው ትርፍ ላይ የገቢ ግብርና በተጨማሪ 10 በመቶ ቅጣት ይከፈልበታል። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል እንደሚባለው ማለት ነው። ሱቁ ከተዘጋም ልጁን የሚያስተምረው ምንጭ አብሮ ይደርቃል።

ስለዚህ የእኛ ምክር ይህ ነው። ነጋዴ ሒሳቡን በዓመቱ መጨረሻ ዘግቶ፥ ለሚቀጥለው ዕቃ የሚያስፈልገውን ካስቀረ በኋላ፥ ከተረፈው ላይ በየዓመቱ በመጠኑ ያግባ። ይህንንም በሱቁ ወጪ ላይ አይጻፈው፤ የራሱ የግል ስጦታ እንጂ የንግድ ወጪ አይደለምና። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ከፍቶ፥ በሒሳብ የገባውን፥ በእጅ የሰጠውንና ለትምህርት ቤት በቀጥታ የከፈለውን ከነቀኑ ለይቶ ይመዝግብ። ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የሚመዘግብ እጅ ለልጁ የሚሰጠውን ለመመዝገብ ሊሰንፍ አይገባውም፤ ቅጽ 709 የሚያስፈልግበት ዓመት ቢመጣም መልሱ ከዚያው ገጽ ላይ ይገኛል።